ህያም ያልተወችው መቃብር

ህያም ርቾም ለሞተ ወንድሟ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ቁርስ አመላለሰች። ልብ በሉ፣ ሃያ ዘጠኝ! በእኛ በተራራው ሕዝብ በጃራዮች ዘንድ ሙት የሚበላው ሁለት ዓመት፣ ቢበዛ ሦስት ዓመት ነው። ከዚያ ጎሽ ይታረዳል፣ የናስ ደወል ይመታል፣ በመቃብሩ ዙሪያ የእንጨት ምስሎች ይተከላሉ፣ ሦስት ቀን ይለቀስና መቃብሩ ይተዋል። ተተወ ማለት ተተወ ነው፤ ማንም ተመልሶ አይሄድበትም። ሙቱም እፎይ ብሎ ወደ ሙታን ሀገር ይገባል፤ እዚያ ኖሮ ኖሮ ደግሞ ይሞታል፤ በመጨረሻ ጤዛ ሆኖ ተመልሶ ሣር ላይ ያርፋል። እስኪተው ድረስ ግን መንገድ ላይ ያለ እንግዳ ነው፤ ይራባል፣ ይበርደዋል፣ ሰው ይናፍቀዋል። ህያም ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ግን "መቼ ነው የምትተዪው?" ሲሏት "ጎሽ የለኝም" ትላለች። ጎሽ ሲገኝ "ዝናብ መጣ" ትላለች። ዝናቡ ሲያባራ "ወገቤን አመመኝ" ትላለች። እምቢ ላለ ሰው ምክንያት መች ይቸግረዋል!

ጠዋት ጠዋት፣ ከአዩን ወንዝ የሚነሳው ጉም ገና ከመንደሩ ሳይለቅ፣ የሚጣበቀውን ሩዝ በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ ትወጣለች። በጉሙ ውስጥ ስትሄድ እግሯ አይታይም። አንዳንዴ ነቅታ ይሁን ገና በሕልሟ እየሄደች ለራሷም አይለይላትም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር መለየቱንም አትፈልገውም። መቃብሩ ጋ ስትደርስ ቁጢጥ ትልና ቅጠሉን ትፈታለች።

"እንካ። ዛሬ ጨው በዝቶበታል፤ እንዳታጉረመርም" ትለዋለች። ከዚያ የመንደሩን ወሬ ታወራለታለች፤ የትኛዋ ልጅ ማንን ለትዳር እንደጠየቀች፣ የማን አሳማ የማንን ቦሎቄ እንደጨረሰ። እዚያ በሙታን ሀገር ነገሩ ሁሉ የተገላበጠ ነው፤ እዚህ ሲነጋ እዚያ ይመሻል፣ እዚህ የተሰበረው እዚያ ሙሉ ነው። ስለዚህ የሰጠችው ኩባያ የተሰነጠቀ ነው። ወንድሟም ደግ ሙት ነበር፤ ሲነግሩት ይሰማል፣ አያቋርጥም።

ይህ ወንድሟ ደግሞ አሜሪካዊ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጦርነቱ በጦፈበት ዘመን ከመንደሩ በላይ ኮረብታው ላይ የአሜሪካኖች ካምፕ ነበር። የኛ ወጣቶች እዚያ ጠመንጃ ይዘው ከነሱ ጋር ያድሩ ነበር፤ ከነሱም አንዱ የህያም ታናሽ ወንድም ራህ ነው። ራህ ጫካውን እንደ እናቱ ቤት ያውቀዋል። ሎረን የሚባል አንድ ወታደር ነበር፤ ወታደር ቢባልም ሥራው ቁስል ማጠብና መርፌ መውጋት ነው። ራህ ከፊት ካልቀደመ ሎረን እግሩን አያነሳም፤ ሎረን ካልቀመሰለት ራህ የቆርቆሮ ምግባቸውን አይነካም። እንዲህ ሆነው ከአንድ ድስት በሉ። በኋላ ራህ ወደ ቤት ይዞት መጣ።

ቤቱ በምሰሶ ላይ የቆመ ነውና ሎረን በመሰላሉ ወጥቶ ሲገባ ግንባሩን ከበሩ አግዳሚ ጋር አጋጨ። ሲወጣም አጋጨ። በሚቀጥለው ሳምንትም አጋጨ። እናታቸው ህዶክ እስክትታመም ሳቀች። ያገኘውን ይበላል፤ መራራውን አትክልት፣ የደረቀውን ዓሣ፣ በበርበሬ የተወቀጠውን ጉንዳን ሳይቀር። ከጋኑ የሩዝ ጠላ በረጅሙ መቃ ሲስብ ጆሮው ይቀላል። ሀገሩ ሜዳ ብቻ እንደሆነ፣ ተራራ የሚባል ነገር እንደሌለ ነገራቸው። ህያም ከልቧ አዘነችለት። ዝናብ ከየት በኩል እንደሚመጣ ታዲያ በምን ያውቃሉ?

ወደደችው፤ ምኑን እደብቃለሁ። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ጀርባዋ ቀጥ ያለ፣ አፏ የተባ። በእኛ ዘንድ የምትጠይቀው ሴቷ ናት፤ ወንዱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። አንድ ቀን ሩዝ ሲወቅጡ ለእናቷ "እማ፣ አዝመራው እንደገባ ሎረንን ላስጠይቀው ነው" አለቻት። ህዶክ ሙቀጫዋን አላቋረጠችም። አዎም አላለች፣ እምቢም አላለች።

በዚያው ሰሞን ሎረን ለራህ "እኔ የዚህ ቤት ሰው መሆን እፈልጋለሁ። በእውነት፣ እንደ ወጋችሁ" አለው። ራህ ደስታው መድረሻ አሳጣው፤ ሮጦ ለእናቱ ነገራት። ህዶክ በማግስቱ አሳማ አረደች።

ህያም ቅርጫቷን በጀርባዋ አዝላ ከእርሻ ስትመለስ የናሱን ድምፅ ሰማች። ማን ታመመ፣ ማን ተወለደ እያለች በመሰላሉ ወጣች። ሎረን ባዶ እግሩን መጥረቢያ ላይ አሳርፎ ቆሟል፤ እናቷ የአሳማ ደምና ጠላ ቀላቅላ እግሩን እየቀባች "ከእንግዲህ ከሆዴ ወጥተሃል፣ የርቾም ወገን ነህ" ትለዋለች። ሎረን ቀና ሲል ህያምን አያት፤ ፊቱ በራ።

"እህቴ!" አላት።

 አንድ ወገን የሆኑ ሰዎች አይጋቡም፤ ከተጋቡ ዝናብ ይቀራል፣ ምድር ትቆጣለች። ሎረን ይህን በምን ያውቃል? ወደ እሷ የቀረበ መስሎት የመጨረሻውን በር በገዛ እጁ ዘጋው። ቅርጫቷን አወረደች፣ ተቀመጠች፣ መቃ ሲያቀብሏት ጠጣች።

"እማ፣ ምን አደረግሽኝ?" አለቻት በማግስቱ።

"ባል ውሰት ነው፣ ልጄ" አለች ህዶክ። "የሞተ ቀን እህቶቹ መጥተው ወደ ወገኑ መቃብር ይወስዱታል፤ አንቺ ባዶ እጅሽን ትቀሪያለሽ። ወንድም ግን እስከ መቃብሩ ያንቺው ነው። የተሻለውን ነው የሰጠሁሽ።" ከጥበብ ይሁን ልጄ ባሕር ተሻግራ ትሄድብኛለች ከሚል ፍርሃት፣ ህያም እስከ ዛሬ አታውቅም።

ከዚያ ወዲያ ሎረን በመጣ ቁጥር "እህቴ፣ ሩዝ አለ?" ይላል። እሷም "ላንተ መች ይጠፋል፣ ሆዳም!" ትላለች።

በዝናቡ ወር አንድ ከሰዓት በኋላ ወንዙ ማዶ ተኩስ ተከፈተ። ራህና ሦስት ሰዎች ሎረንን በቃሬዛ ተሸክመው መጡ። ህያም ራሱን ደግፋ እስከ ሜዳው ሮጠች። ዓይኑ ተከፍቷል፣ ግን አያይም። ሄሊኮፕተሩ የቤቱን ክዳን እያበነነ ወረደ፣ ሎረንን ዋጠ፣ ወጣ። በቃ፤ ይኸው ነው። ካምፑ ሄዳ ብትጠይቅ ነባሮቹ "አናውቅም" አሏት፤ አዲሶቹ ጭራሽ "ሎረን ማነው?" አሉ።

ከወር በኋላ ህዶክ ሕልም አየች። ሎረን ልብሱ ውሃ እያንጠባጠበ በመሰላሉ ወጣ፣ ሩዝ ጠየቀ፣ ገባ። ግንባሩን ሳያጋጭ ገባ! ህዶክ በላብ ተጠምቃ ነቃችና "ልጄ ሞቷል" አለች። ማን ይከራከራታል? በሕይወት ያለ ሎረን በዚያ በር ሳይጋጭ ገብቶ አያውቅም። ማንኪያውን፣ ባርኔጣውንና ደም የነካውን ብርድ ልብስ በርቾሞች ስፍራ ቀበሩለት። ወንድም ነውና እህቱ ታብላው ተባለ። ህያምም ማብላት ጀመረች።

ዘመኑ እንደ ጎርፍ አለፈ። አሜሪካኖቹ ሄዱ። አሸናፊዎቹ ራህን ይዘው ዘጠኝ ዓመት አሰሩት፤ ሲመለስ አንድ እግሩ አይታጠፍም ነበር። ህዶክ ሞተች፤ የሷን መቃብር ህያም በሦስተኛው ዓመት በወጉ ተወችላት። ከስዩ ወገን አንድ ደግ ሰው ጠይቃ አገባች፤ በስምንተኛው ዓመት ወባ ገደለውና እህቶቹ አስከሬኑን ይዘው ሄዱ። እናቷ እንዳለችው ባዶ እጇን ቀረች። መንደሩ ሁለት ጊዜ ከቦታው ተነቀለ፤ ያኔ ወደ መቃብሩ አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬድ ነበር። እሷም ትሄድ ነበር። ለምን እንደማትተወው እኔ ልንገራችሁ፤ እሱን መውደድ የተፈቀደላት በምድር ላይ ያ ስፍራ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ባለፈው በጋ፣ ጉሙ ከወትሮው በወፈረበት አንድ ጠዋት፣ ቅጠሉን ስትፈታ ከጀርባዋ ድምፅ ሰማች።

"እህቴ፣ ሩዝ አለ?"

አነጋገሩ የሱ ነው፤ ጃራይኛን ጥርሱን እንደሚያመው ሰው ነበር የሚናገረው። አልደነገጠችም። በሕልሟ ስንቴ መጥቶባታል! ሙት ሲናገር ዞረው አያዩትም፤ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ሳትዞር ቅጠሉን በትከሻዋ ላይ አሳልፋ ሰጠችው። እጅ ተቀበላት።

"ዛሬ ዘገየህ" አለችው።

"አዎ፣ በጣም ዘገየሁ" አለ።

ጉሙ ውስጥ ወፍ እንኳ አልጮኸም። እንዲህ ሆና ዕድሜዋን ብትጨርስ አይከፋትም ነበር። ከዚያ ማኘክ ሰማች። ሙት አያኝክም! ሙት የሚበላው ሽታውን ነው፤ ሩዙ ለጉንዳን ይቀራል። ይሄኛው ያላምጣል፣ ይውጣል፣ ጣቱን ይልሳል። ዞረች። አንድ ቀይ፣ ወፍራም፣ ራሰ በራ ሰውዬ ጉንጩ በሩዝ ተወጥሮ ቆሟል፤ እንባው አገጩ ላይ ደርሷል።

"ማነህ አንተ?"

"ሎረን ነኝ።"

"ውሸታም! ሎረን እዚህ ነው ያለው" አለችና መቃብሩን በመዳፏ መታችው።

ያም ሆኖ ወደ ቤት ይዛው መጣች። ራህ መሰላሉ አናት ላይ ቀርከሃ ይሰነጥቅ ነበር። ሰውዬው ወጣ፣ ገባ ሲል ግንባሩን ከአግዳሚው ጋር ጓ አደረገው። ራህ ቢላውን አስቀመጠ።

"ወይ ጉድ! በሕይወት አለ ማለት ነው" አለ። "አልሞት ባይ ተጋዳይ!" ተቃቅፈው ሳቁ፤ ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም።

"ሆስፒታል ነቃሁ" አለ ሎረን። "ስድስት ወር ተኛሁ። ወደ ቤቴ ላኩኝ። ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ብዙ ደብዳቤ።"

"ለማን? ለዝንጀሮዎቹ? እኔ እኮ ማንበብ የተማርኩት እስር ቤት ነው!"

"መልስ ሳጣ ሁላችሁም የሞታችሁ መሰለኝ፤ የመጣሁትም መቃብራችሁን ልፈልግ ነበር።"

"እኛም አንተን ቀብረንሃል፤ ተቃባብረናል እንግዲህ" አለ ራህ። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። "ስማ ሎረን። እኛ ሙት እንኳ ስንተው ጎሽ አርደን፣ ሦስት ቀን አልቅሰን፣ ስሙን ጠርተን 'በቃ ሂድ' ብለን ነው። እናንተ በሕይወት ያለነውን ስትተዉ ምን አደረጋችሁ? አንድ ዶሮ አረዳችሁ? አንድ ሰው 'ሄድን' አለን? ጠዋት ስነሳ ካምፑ ውስጥ የቀረው ውሻ ብቻ ነበር።"

ሎረን "ያኔ እኔ እዚያ አልነበርኩም" ማለት ይችል ነበር። አላለም። "እውነት ነው" ብሎ አቀረቀረ። ህያም ይህችን ልብ አለችለት።

አሁን ሌላ ጣጣ መጣ። በሕይወት ያለ ሰው እንዴት መቃብር ይኖረዋል? የሙት ምግብስ እንዴት ይበላል? ራህ "እትዬ፣ ይሄ መቃብር ዛሬ ነገ ሳይባል መተው አለበት" አለ። መቆፈር አይቻልም፤ ነውር ነው። ያለው መንገድ በወጉ መተው ብቻ ነው። ህያም "አልተውም" አለች። በማግስቱም ሩዟን ጠቅልላ፣ መሰላሉ ሥር የተቀመጠውን ሎረንን አልፋው ወደ መቃብሩ ሄደች። እሱም ከሩቅ ተከተላት።

"ለምን ለሱ? እኔ አለሁ እኮ" አላት።

"አንተን አላውቅህም። እሱን ሃያ ዘጠኝ ዓመት አውቀዋለሁ።"

"ምን ዓይነት ሰው ነው?"

"ቀጭን ነው። ጠጉር አለው። ሳወራ ይሰማኛል። ደግሞ እንዳንተ አያንኮራፋም።"

ሎረን ሳቀ፤ ከዚያ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። "አንድ ነገር ልንገርሽ" አለ። "ከዚህ ከሄድኩ ጀምሮ እራት አልበላም። ሚስቴ ትሠራለች፤ እኔ ጠግቤያለሁ። ጠረጴዛው ጋ ተቀምጬ በመስኮት አያለሁ። 'እዚህ የለህም እኮ' ትለኝ ነበር። አሥር ዓመት ታገሰችኝ፤ ከዚያ ሄደች።"

"እራት ነው ያልከኝ? እኔ የማመጣልህ ቁርስ ነው" አለች ህያም።

"እዚህ ሲነጋ እኛ ሀገር ይመሻል" አላት።

 ጉሙ ቀስ እያለ ከሣሩ ላይ ተነሳ፣ ዛፎቹም አንድ በአንድ ታዩ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን ሰው እዚያ በቁሙ ሙት አድርጋ ያቆየችው እሷ ናት። በመውደዷ አስራዋለች። ለሙት ያዘነች መስሏት የሕያውን ማዕድ ባዶ አደረገች።  ሩዙን መልሳ ጠቀለለች። ቤት ስትደርስ ለራህ "ጎሹን ፈልግ" አለችው፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ጎሹ ታረደ፣ ጋኖቹ ተደረደሩ። ራህ ጉንጩን በእጁ ደግፎ የተቀመጠ ሰው ከእንጨት ጠረበና በመቃብሩ ማዕዘን አቆመው። ወጣቶቹ ጭቃ ተቀብተው እየዞሩ ጨፈሩ። ሎረን የገዛ ራሱ ለቅሶ ላይ ተቀምጦ ሥጋ ሲያቀርቡለት ይብላ ይተው ግራ ገባው፤ አሮጊቶቹ "ብላ እንጂ፣ ያንተ አይደል!" እያሉ ይስቁበታል።

በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የህያም ተራ ደረሰ። በለቅሶ ጊዜ የሚባል ነገር በሆድ አይያዝም፤ ለሙት ሁሉም ይነገረዋል። መቃብሩን አቅፋ ጮኸች።

"ወንድሜ! ወንድሜ ልልህ መች ፈለግሁ! አዝመራው ሲገባ ልጠይቅህ ነበር፣ እናቴ ቀደመችኝ! አንተም እየሳቅህ እግርህን ሰጠሃት! ሩዝ አለ ባልከኝ ቁጥር ሞቻለሁ! በቃ ሂድ! በቃኝ፣ ልቀቀኝ፣ እኔም ለቅቄሃለሁ!"

ሎረን የሚቸገረው ሲናገር ነው እንጂ ሲሰማ ሁሉም ይገባዋል። መቃውን ከአፉ አወጣ። ተነሳ፤ ከአሜሪካኖቹ ጋር ወጥተው ያልተመለሱትን የመንደራችንን ልጆች ስም እየጠራ ለእያንዳንዱ "ትቼህ ሄድኩ" አለ። ዘጠኝ ስም ጠራ። አንድም አልሳተም። ራህ እያነከሰ ሄዶ አጠገቡ ተቀመጠ፤ እሱ ይጠጣበት የነበረውን መቃ ተቀበለና ጠጣ።

ከዚያ ሁላችንም ወደ ወንዙ ወርደን ታጠብን። ማንም ወደ ኋላ አልዞረም።

በማግስቱ ጠዋት ህያም ከስንት ዘመን በኋላ የምትሄድበት አልነበራትም። መሰላሉ ላይ ተቀምጣ እጇን ታያለች። ሎረን ቦርሳውን በትከሻው አንግቶ መጣ፤ መኪናው መንገድ ዳር ይጠብቀዋል። ራህ ሊሸኘው ቆሟል።

"ደህና ሁኚ፣ እህቴ" አላት።

"እህትህ አይደለሁም" አለች። "ወንድሜ ሞቷል፤ ትናንት ሸኝቼዋለሁ። አንተን አላውቅህም።"

የሎረን ፊት ተሰበረ። ራህ "እትዬ፣ ምን ማለትሽ ነው?" ሊል አፉን ከፈተና ዓይኗን ሲያይ መልሶ ዘጋው።

"ከማን ወገን ነህ?" ብላ ጠየቀችው፣ መንገድ ላይ እንዳገኘችው መጻተኛ።

ሎረን ግራ ተጋብቶ አያት። "ወገን ነበረኝ" አለ ቀስ ብሎ። "ትናንት ተዉኝ።"

"ሚስትስ?"

"እሷም ተወችኝ።"

"ሰው ሁሉ የሚተውህ ምን ብታደርግ ነው?"

 ከመንገድ ዳር የመኪናው ጡሩምባ ጮኸ።

"መጀመሪያ ትቼ የሄድኩ እኔ ነኝ" አላት።

ህያም ከመሰላሉ ወረደች፤ ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷ ተንቋቋ። ፊት ለፊቱ ቆማ ከራሰ በራው እስከ ጫማው አየችው።

"በል ቦርሳህን አውርድ" አለችው።